ትንሽ ቸርኬ በትልቅ ፍሬን ላይ፤ የቸርኬና የፍሬን ታሪክ ለሰፈራችን ሰው



ለዘንድሮው መጽሔታችን ስለ ቸርኬና ስለ ፍሬን እጽፋለሁ ባልኩ ጊዜ አንዳንድ ወዳጆቼ «ይህ ደግሞ ከእድር ጋር ምን ያገናኘዋል?» ብለውኛል። መልሴ አጭር ነው። እድራችን የቆመው ለቀብርና ለለቅሶ ነው። ሰውን ወደ ቀብር ከሚያደርሱት ነገሮች አንዱ ደግሞ መንገድ ነው። ፍሬን አልይዝም ያለ ቀን ድንኳኑ የሚተከለው በእኛው ደጃፍ፣ ጥሩምባው የሚነፋው በእኛው ጠዋት ነው። ስለሆነም ፍሬን የእድር ጉዳይ ነው።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ብዙ ዘመን የሠራሁት በንብረት ክፍል ጸሐፊነት ነው። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ዕቃ ሲወጣ ሞዴል 22 መሙላት ነበር ሥራዬ። ነገር ግን በዚያች መስኮት በኩል ስንቱ የፍሬን ሸራ፣ ስንቱ ታምቡር፣ ስንቱ ቸርኬ እንዳለፈ የሚያውቀው ብዕሬ ነው። ሾፌሮቹም ዕቃ እስኪመጣላቸው ድረስ ቆመው ያወሩ ነበርና፣ ከወረቀቱም ከወሬውም ያጠራቀምኩትን፣ በኋላም ያነበብኩትን ጨምሬ አቅርቤያለሁ።

ነገሩን ያስነሳው ይህ ነው። ዛሬ ከውጭ የሚመጡት አውቶሞቢሎች ብዙዎቹ ባለ 17ና ባለ 18 ኢንች ቸርኬ የተገጠመላቸው ናቸው። ጎማቸው ስስ ነው፣ ጉድጓድ አይችልም፣ ዋጋውም አይቀመስም። ታዲያ ባለቤቱ ወደ ሶማሌ ተራ ብቅ ይልና ባለ 15 ወይም ባለ 16 ቸርኬ ገዝቶ ላስገባ ይላል። ገብቶ ሲሞከር አንዳንዱ ሰተት ብሎ ይገባል፣ አንዳንዱ ፍሬኑን ነክቶ አልዞርም ይላል። ከዚያ በኋላ የሚደረገው ነው የሚያሳስበኝ። እሱን በመጨረሻ እመለስበታለሁ፣ አስቀድሜ ግን ታሪኩን ላውጋ።

መንኮራኩር ወደ አገራችን እንዴት ገባ

የጥንቱ የንግድ መንገዳችን የበቅሎና የአህያ መንገድ ነው። በርበሬውም፣ ጨውም፣ ቡናውም በእንስሳ ጀርባ ነበር የሚጓዝ። በቅሎ ቁልቁለት ስትወርድ ፍሬኗ እግሯ ነው፤ ጫኝዋም ጭነቱን ወደ ኋላ ይጎትትላታል።

አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ሁለት ሰዎች እየተከታተሉ መጡ፤ አንደኛው እንግሊዛዊው ቤንትሌ በዎልስሌይ መኪና፣ ሁለተኛው ጀርመናዊው ሆልትስ ናኬ በሚባል መኪና። ዳግማዊ አፄ ምኒልክም መኪናን በዓይናቸው ለማየት በቁ። ያን ጊዜ ግን መንገድ ስላልነበረ መኪናውን ከሚጎትተው ሞተር ይልቅ የሚገፋው ሰው ይበዛ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የጭነት መኪና በብዛት የገባው በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። ገበያችንም ቀድሞ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ወደዚህ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር የተደረገው በዚያው ዘመን ነው። መርካቶ የሚለው ስም ራሱ የጣሊያንኛ ቃል መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። የመኪና ቃሎቻችንም እንደዚሁ ናቸው። ቸርኬ፣ ፍሬን፣ ታምቡር፣ ጎሚስታ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ እያልን የምንናገረው ሁሉ ከጣሊያንኛ የወረስነው ነው። ጠላት ተባረረ፣ ቃሉ ከመኪናው ጋር ቀረ።

ትሬንታ ኳትሮ፣ ኤንትሬና ቁልቁለት

ከዚያ ዘመን የቀረው ትልቁ የጭነት መኪና ፊያት 634 ነበር። ሾፌሮቻችን «ትሬንታ ኳትሮ» ይሉታል፣ ሠላሳ አራት ማለት ነው። ቀጥሎ የመጣው ፊያት 682 ሲሆን «ኤንትሬ» የሚባለው ከዚህ ወገን ነው። ከበርበሬ በረንዳ ደጅ የቆመ ኤንትሬ ከነተሳቢው ያላየ የሰፈራችን ሽማግሌ የለም። ከማረቆና ከአላባ የሚመጣው በርበሬ በሜዳ መንገድ ነው የሚመጣ፣ እምብዛም አያሰጋም። ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም በኩል የሚመጣው ግን የዓባይን በረሃ መሻገር አለበት። ከደጀን ወርዶ ጎሃ ጽዮን ለመውጣት፣ ሲመለስም ከጎሃ ጽዮን ለመውረድ ወደ 1,400 ሜትር ገደማ የሚሆን ጥልቀት አለ። በወሎ መስመርም ጣርማ በር አለ። ጣሊያን የፈለፈለው 600 ሜትር ገደማ የሚረዝም ዋሻ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለው፤ ከዚያ በደብረ ሲና አድርጎ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ይወርዳል።

ይህ ቁልቁለት ለፍሬን ምን ማለት እንደሆነ በሒሳብ ላሳያችሁ። 10 ቶን የሚመዝን መኪና 1,400 ሜትር ሲወርድ ከከፍታው ያገኘው ጉልበት ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሞተሩ ምንም ባይዘውና ሁሉንም ፍሬን ብቻውን ቢሸከመው፣ የሚወጣው ሙቀት ወደ 400 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈላ ነው። የእድራችንን ትልልቅ ድስቶች በሙሉ ጥዳችሁ የምታፈሉበት እሳት ማለት ነው። እሳቱ ያለው ደግሞ በምድጃ ሳይሆን በቸርኬው ውስጥ፣ ከጎማው አንድ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚለው የድሮ ሾፌሮች ምክር ከዚህ የመጣ ነው። ረዳቱም ታኮውን ይዞ በሩ ላይ የሚንጠለጠለው ለጌጥ አልነበረም።

በመስኮቴ ዘመን አንድ አዛውንት ሾፌር ትዝ ይለኛል። የፍሬን ሸራ ከግምጃ ቤት አልቋል ተብሎ ሳለ ጭነቱ ግን ተጭኖ ነበርና ሂድ ተባለ። እሱም «ጌታዬ፣ ለመውጣት ሞተር ይበቃኛል፣ ለመውረድ ግን ሸራ ያስፈልገኛል፤ እስኪመጣ እዚሁ እጠብቃለሁ» ብሎ ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። አራት ቀን ጠበቀ። ሸራው መጣ፣ ሞዴል 22 ሞላሁለት፣ ሄደ። ብዙ ሰው ፈሪ አለው። እኔ ግን በዕድሜው ጡረታ ወጥቶ በአልጋው ላይ የሞተ ሾፌር መሆኑን ስለማውቅ፣ ብልህ ነው እላለሁ።

ባለ 20 ለምን 22 ተኩል ሆነ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንቅረብ። ቸርኬ የጎማ ማሰሪያ ብቻ አይደለም። ቸርኬ የፍሬን ቤት ነው። ፍሬኑ በውስጡ ይኖራል። ቤቱ ሲጠብ ነዋሪው ይጨነቃል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የጭነት መኪናችን ነው። ድሮ የከባድ መኪና ቸርኬ ባለ 20 ኢንች ነበር። ጎማው በካላማዳሪ የሚነፋ ሲሆን፣ ቸርኬው በጎኑ የሚወልቅ የብረት ቀለበት አለው። ጎሚስታው ቀለበቱን አውልቆ ጎማውን በጎን ያስገባና ቀለበቱን መልሶ ይመታል። ስለዚህ የቸርኬው ወለል ጠፍጣፋ ነው፣ በውስጡም ለታምቡር ሰፊ ቦታ ይተርፋል። በኋላ ካላማዳሪ የሌለው ጎማ መጣ። የዚህ ቸርኬ አንድ ወጥ ነው፣ ቀለበት የለውም። ጎማው እንዲገባ መሐሉ ላይ ጎድጓዳ ቦይ ያስፈልገዋል። ያ ቦይ ደግሞ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ታምቡሩን ሊነካ ሆነ። ፋብሪካዎቹ ታዲያ ምን አደረጉ? ታምቡሩን አላሳነሱም። ቸርኬውን ከ20 ወደ 22 ተኩል ኢንች አሳደጉት፣ ጎማውን በዚያው መጠን አሳጠሩት፣ የመኪናው ቁመት ሳይለወጥ ፍሬኑ እንደነበረ ቀረ።

ወገኖቼ፣ ይህንን ነገር ልብ በሉልኝ። የዓለም ታላላቅ ፋብሪካዎች ቸርኬና ፍሬን በተጣሉ ጊዜ የተቀየረው ቸርኬው ነው።

ሴይቼንቶ፣ ላዳና የውድድር መኪና

በትናንሽ መኪኖችም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። የፊያት 600፣ እኛ ሴይቼንቶ የምንለው ትንሹ ታክሲ፣ ቸርኬው ባለ 12 ኢንች ነበር። አራቱም እግሩ በታምቡር ፍሬን ነው የሚይዝ። መኪናው ቀላል፣ ሩጫውም ጥቂት ስለሆነ በቃው።

ከዚያ በኋላ ዲስክ ፍሬን መጣ። ዲስክ ማለት ከመንኮራኩሩ ጋር የሚሽከረከር የብረት ሳህን ሲሆን፣ ካሊፐር የሚባለው ቤት በሁለት ሸራዎች ከግራና ከቀኝ ይጨብጠዋል። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ ላንቸስተር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1902 የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። ስሙ የገነነው ግን እ.ኤ.አ. በ1953 በፈረንሳይ አገር በሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ላይ ጃጓር በዲስክ ፍሬን ባሸነፈ ጊዜ ነው። ታምቡር ሲግል እየሰፋ ከሸራው ይሸሻል፣ ሙቀቱም በውስጡ ታፍኖ ይቀራል። ዲስክ ግን በነፋስ መካከል ስለሚሽከረከር ቶሎ ይበርዳል።

ለሰፈራችን ዲስክን ያስተዋወቀው ላዳ ነው ብል ከእውነት አልርቅም። ላዳ የተቀዳው ከፊያት 124 ነው። ፊያት 124 በአራቱም እግሩ ዲስክ ነበረው። ሶቪዬቶች እ.ኤ.አ. በ1970 ላዳን መሥራት ሲጀምሩ የኋላውን ዲስክ አንስተው ታምቡር አደረጉት፤ የአገራቸው መንገድ ጭቃና ድንጋይ ስለሆነ የተከደነ ፍሬን ይሻላል ብለው ነው። የፊቱን ዲስክ ግን ተዉት። ቸርኬው ባለ 13 ኢንች ነው።

ይህ 13 ኢንች የሚያስገርም ታሪክ አለው። በዓለም እጅግ ፈጣን የሆኑት የፎርሙላ ዋን የውድድር መኪኖች እ.ኤ.አ. እስከ 2021 ድረስ ባለ 13 ኢንች ቸርኬ ነበር የሚጠቀሙት፤ ልክ እንደ ላዳችን ማለት ነው። ጎማው ግን ወፍራምና ሰፊ ነው። ደንቡ የፍሬኑ ዲስክ ከ278 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ይወስን ነበር። መሐንዲሶቹ በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሮጥ መኪና የሚያቆም ፍሬን ከነነፋስ መንገዱ አስገቡ። ከ2022 ጀምሮ ቸርኬው 18 ኢንች ሲሆን የፊቱም ዲስክ ወደ 33 ሴንቲ ሜትር አደገ። እንግዲህ ትንሽ ቸርኬ በራሱ ነውር አይደለም። ነውሩ በልኩ አለመሆኑ ነው።

በውጭ አገር ለምን ያሳንሱታል

በአውሮፓና በሌላውም አገር የውድድር ሜዳዎች በተወሰነ ቀን ለተራው ሰው ይከፈታሉ። ሰው ገንዘብ ከፍሎ በገዛ መኪናው በሜዳው ይሮጣል፤ በጀርመን አገር ኑርቡርክሪንግ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1927 የተከፈተ ሜዳ በዚህ የታወቀ ነው። እነዚህ ሰዎች ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይፈልጋሉ። አንደኛ፣ ፍሬናቸው እንዳይከዳቸው ትልቅ ዲስክና ትልቅ ካሊፐር ያስገባሉ። ሁለተኛ፣ ቸርኬያቸውን ያሳንሳሉ። ለምን ቢባል፣ ትንሽ ቸርኬ ቀላል ነው፤ ጎማው ርካሽ ነው፣ በሜዳም ላይ ጎማ እንደ ሳሙና ያልቃልና ዋጋው ያሳስባል፤ ደግሞም የጎማው ጠቅላላ ቁመት ካነሰ መኪናው በየማርሹ የመሳብ ኃይሉ ይጨምራል። እንግዲህ ትልቁን ፍሬን በትንሹ ቸርኬ ውስጥ እንዴት እናስገባ የሚለው ጥያቄ የእነሱም ራስ ምታት ነው።

እነሱ ለሩጫ፣ እኛ ለጉድጓድና ለኪሳችን ብለን ነው የምናሳንሰው። ምክንያቱ ይለያይ እንጂ ልኩ አንድ ነው።

ልኩ እንዴት ይታወቃል

አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ነው። ባለ 15 ቸርኬ 38.1፣ ባለ 16ቱ 40.6፣ ባለ 17ቱ 43.2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ነገር ግን ይህ ልክ ጎማው የሚቀመጥበት ቦታ ነው እንጂ የውስጡ ስፋት አይደለም። ያ ጎድጓዳ ቦይ ከላዩ ላይ ብዙ ሴንቲ ሜትር ይቀንሳል። ስለዚህ ቁጥሩን አይቶ «38 ነው፣ ይበቃል» ማለት አይቻልም።

ለምሳሌ ዲስኩ 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ግማሹ 15 ነው። ካሊፐሩ ከዲስኩ ጠርዝ በላይ ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ቢወጣ ከመሐሉ እስከ ጫፉ 17 ተኩል ይሆናል፣ ሙሉው 35 ማለት ነው። እንግዲህ የቸርኬው ውስጥ በጠባቡ ቦታ ሲለካ ከ35 በልጦ ቢያንስ ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት መተው አለበት። ይህን የሚያውቁ ሰዎች ከካርቶን ላይ የካሊፐሩን ቅርጽ ቆርጠው ወደ ሶማሌ ተራ ይዘው ይሄዳሉ፣ ከመግዛታቸው በፊት በቸርኬው ውስጥ ያሽከረክሩታል። ካርቶን ብር አያስወጣም።

ቀጥሎ የሚታየው የቸርኬው ጨረሮች ናቸው። አንዳንዱ ቸርኬ ዙሪያው ሰፍቶ ሳለ ጨረሩ ወደ ውስጥ ስለሚጎብጥ የካሊፐሩን ፊት ይነካል። ሁለት ባለ 15 ቸርኬዎች አንዱ ገብቶ አንዱ እምቢ የሚለው በዚህ ነው። ባላንስ ሲሠራ ከውስጥ የሚለጠፈውም እርሳስ ካሊፐሩን እንዳይመታ ቦታው መታየት አለበት። በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ኮረት። ክፍተቱ እጅግ ጠባብ ከሆነ ከኮረት መንገድ የገባች ጠጠር በቸርኬና በካሊፐር መካከል ተወትፋ ቸርኬውን ትሞርደዋለች። ለአስፋልት የሚበቃ ክፍተት ለገጠር መንገድ አይበቃም።

ጎማው ሲመረጥም የመሸከም አቅሙ ከቀድሞው እንዳያንስ፣ ጠቅላላ ቁመቱም ከቀድሞው ብዙ እንዳይርቅ ያስፈልጋል። ቁመቱ 5 ከመቶ ቢያንስ፣ ፍጥነት መቁጠሪያው 100 ሲል መኪናው በእውነት የሚሄደው 95 ነው። መጠባበቂያ ጎማውም አይረሳ።

የማይደረግ

አሁን ያሳሰበኝን ልናገር። ቸርኬው ፍሬኑን ነክቶ እምቢ ሲል አንዳንዱ ሰው አራት ነገር ያደርጋል።

አንደኛው ካሊፐሩን በሞላ መሞረድ ነው። ካሊፐር ውስጡ የፍሬን ዘይት በከፍተኛ ግፊት የሚሄድበት ዕቃ ነው። የተሞረደ ካሊፐር የተሸረፈ እንስራ ነው፤ ውሃ የያዘ ቢመስልም መቼ እንደሚለቅ አይታወቅም።

ሁለተኛው በሞዞውና በቸርኬው መካከል የብረት ሳህን ማስገባት ነው። በልኩ የተሠራ፣ በሞዞው ላይ ልክክ የሚል፣ ብሎኑም በዚያው መጠን የረዘመ ከሆነ ያገለግላል። በቆርቆሮና በተራ ቀለበት የሚደረገው ግን ብሎኑ በጥቂት ጥርስ ብቻ እንዲይዝ ያደርጋል። ቸርኬው ወልቆ መኪናውን ቀድሞ ሲሄድ ያየ ሰው ምን እንደምል ያውቃል።

ሦስተኛው ቸርኬውን ከውስጥ በቶርኖ መላግ ነው። የሳሳ ቸርኬ በጉድጓድ ይሰነጠቃል።

አራተኛው፣ ከሁሉ የከፋው፣ ፍሬኑን አውልቆ ከደካማ መኪና የወጣ ትንሽ ዲስክ መግጠም ነው። «ቸርኬው ገባ፣ ፍሬኑም ይይዛል» ይላሉ። ይይዛል፣ መርካቶ ውስጥ ይይዛል። አምስት ሰው ከነሻንጣው ጭኖ ለገና ወይም ለግሸን ማርያም ንግሥ ጣርማ በርን ሲወርድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ትንሽ ዲስክ ቶሎ ይግላል። የፍሬን ዘይቱ አሮጌ ከሆነ እርጥበት ጠጥቷል፤ ተራው ዘይት አዲስ ሲሆን በ205 ዲግሪ የሚፈላው፣ እርጥበት ሲጠጣ በ140 አካባቢ ይፈላል። የፈላ ዘይት ነፋስ ይሆናል፣ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል። በዚያ ላይ በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው 70 ከመቶ ያህል ስለሆነ፣ የቤንዚን መኪና እግራችንን የሚያግዝበት ኃይልም በዚያው ይቀንሳል። ፋብሪካው ትልቅ ፍሬን የገጠመው መኪናው ከባድና ፈጣን ስለሆነ ነው እንጂ ብረት ተርፎት አይደለም።

በሰፈራችን ሁለት ወገን እሰማለሁ። አንዱ «የፋብሪካ ዕቃ ፈጽሞ አይነካም» ይላል። ሌላው «ብሎኑ ከገባ ይሄዳል» ይላል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ልክ አይደሉም። ፋብሪካው ራሱ ለአንድ ዓይነት መኪና ሁለትና ሦስት የቸርኬ መጠን ይሠራል፤ ስለዚህ ማሳነስ ይቻላል። የሚያስፈልገው ያ መኪና ከነዚያ ፍሬኑ የሚሸከመውን ትንሹን ቸርኬ ጠይቆ ማወቅና ከዚያ በታች አለመውረድ ነው። ቸርኬ ለፍሬን ይለካል፣ ፍሬን ለቸርኬ አይቆረጥም። ድሀም ሀብታምም ሊያስታውሰው የሚችል ደንብ ይህ ነው። ለጎማ የጠፋ ብር ተሠርቶ ይተካል፣ ሰው ግን አይተካም።

እንግዲህ አባሎቻችን የሆናችሁ ሾፌሮችና ባለመኪኖች፣ ቸርኬ ስትለውጡ ካርቶናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከገጠማችሁ በኋላ እያንዳንዱን እግር በክሪክ አንሥታችሁ በእጃችሁ አዙሩት፣ መሪውንም እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ መልሱ፣ ጥቂት ከነዳችሁም በኋላ ብሎኖቹን እንደገና አጥብቁ። የፍሬን ዘይቱንም ሩቅ መንገድ ሳይመጣ አስለውጡ። ልጆቻችሁም መኪና ካላቸው ይህንን ጽሑፍ አንብቡላቸው።

እድራችን ድንኳንም፣ ወንበርም፣ ድስትም ሞልቶለታል። እግዚአብሔር የሚጠቀምበትን ቀን ያርቅልን፣ ለከርሞውም ዓመት ሁላችንን በጤና ያድርሰን።